መዳፍ ላይ ያልተጻፈ መርዶ

ኢየሩሳሌም፣ ጥቅምት 12 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወይዘሪት አሰፋች፤

ከተሳላሚዎች ጋር ከአገሬ ከወጣሁ አምስተኛ ዓመቴ ነው፤ ልቤ ግን ከአሰላ ወጥቶ አያውቅም። እንደምን ከረማችሁ? የጭላሎ ብርድ እንዴት አድርጓችኋል? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ፤ የቅዱሳን አምላክ ይመስገን። የአክስቴን የእማማ አፀደን ጉልበት ሳሚልኝ፤ የወንድማችንን የወልደጻድቅንም ግንባር።

አንቺ መቼም ደብዳቤ ስትጽፊ ቃሉን እንደ ቅቤ በሚዛን የምትሸጪው ነው የሚመስለው። ያለፈው ደብዳቤሽ አሥራ አንድ መስመር ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ስለ እማማ ያለበት «ደህና ናት» የሚል ብቻ። ወገቧ ተሻላት? ዲክሲስ ያለውን መሬት ለማየት አሁንም በበቅሎ ትሄዳለች? እኔን ታነሳኛለች? እናቴ ስትሞት አንቺን በአንድ ጡት፣ እኔን በአንድ ጡት ይዛ ያሳደገችን ሴት ናት። ይህን ታውቂዋለሽ፤ ምን እንዳስለፈለፈኝ እንጃ።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ከገዳማችን ጀርባ ባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አትክልተኛ መሆኔን ነግሬሻለሁ። ወልደጻድቅ ለአሰላ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በአቤቱታ መልክ ያስገባውን፣ አንቺ የላክሽልኝን ግጥም፣ ቋንቋ የሚያውቁ አንድ አባ ለዋናዋ መምህርት ተረጎሙላት፤

አይሰማም ይሉኛል አፍ ሳይከፍቱ ገና፣
አያውቅም ይሉኛል ሳይጠይቁኝ ገና፣
እስቲ መዳፌ ላይ አንዲት ቃል ጻፉና፣
ካልገባኝ ያን ጊዜ ዝም በሉ እንደገና።

ሴትዮዋ ደጋግማ አስነበበቻቸው። ከዚያ «ዓይንም ጆሮም የሌለው ሰው፣ ሰዎች ስለ እሱ የሚሉትን በምን አወቀ?» አለችኝ። «በእህቱ ጣት» አልኳት። የቀለድኩባት መሰላት። በመጨረሻ ግን «ከሚመጣው መስከረም ጀምሮ ሁለት ዓመት እናስተምረው» ብላለች። በእጅ የሚዳሰስ ጽሕፈት ይማራል፤ ሲመለስ ለአርሲ ዕውሮችና ደንቆሮዎች ትምህርት ቤት ይከፍታል። ስንት ዓመት ሙሉ በየቢሮው የሚጮኸው ለዚህ አይደል? ማደሪያው የወንዶች ስለሆነ አንቺ አብረሽው ልትቆዪ አትችይም። ስለዚህ የእጃችሁን አጻጻፍ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ተምሬ እጠብቀዋለሁ።

ለእማማ የሱፍ ሹራብ ልገዛላት ነው። ልኳን ላኪልኝ። ከስታለች ወይስ እንደ ድሮዋ ናት?

ወንድምሽ ግዛቸው


አሰላ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለግዛቸው፤

ቅድስት አገር ያለኸው አንተ ስለሆንክ ምርቃቱን ለአንተ ትቻለሁ፤ እኛ ተመራቂዎች ነን። ያም ሆኖ ጉልበትህን ይማርልህ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ አሥራ አምስት ቀኑ ነው። መልስ ለመጻፍ ጣት ያስፈልጋል፤ የእኔ ጣት ደግሞ ከጧት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነው።

የእጃችንን አጻጻፍ ጠይቀኸኛል፤ ይኸውልህ። የማጅራት ገትር በአንድ ሳምንት ዓይኑንም ጆሮውንም ሲወስድበት ወልደጻድቅ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ቅኔ ቤት ስለነበረ ፊደሉን ያውቃል። መጀመሪያ ፊደሉን እንዳለ መዳፉ ላይ እጽፍለት ነበር፤ ቅጥያውን ለመለየት መከራውን ያይ ነበር። በኋላ ራሱ መላ ፈጠረ። አሁን መዳፉ ላይ የምጽፈው የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ነው። ግዕዝ ከሆነ እዚያው እተወዋለሁ። ካዕብ ከሆነ አውራ ጣቱን እነካለሁ፤ ሣልሱን በሌባ ጣት፣ ራብዑን በመሀል ጣት፣ ኃምሱን በቀለበት ጣት፣ ሳድሱን በትንሿ ጣት። ሳብዕ ከሆነ የእጁን አንጓ። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አደርስለታለሁ። እሱ አንደበቱ ደህና ስለሆነ የሚለውን በአፉ ይላል፤ ግጥሙንም እኔ እቀዳለሁ። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማው ብቻ ይጮኻል።

ባለፈው ወር ሲሬ ሄደን ነበር። አንድ ጆሮው የማይሰማ ገበሬ፣ ዘበኛ «ቁም» ሲለው አልቆምክም ተብሎ ሁለት ወር ታስሯል። ወልደጻድቅ ይህን ሲሰማ ቁጭ ብሎ አልበላም፤ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለን ሄድን። ዳኛው «የምለውን የማይሰማ ሰው እንዴት ብሎ ይከራከራል?» ሲሉ ጻፍኩለት። እሱም «እርስዎ እኔን ይሰሙኝ የለም? ይበቃል» አለ። ችሎቱ ሳቀ፣ ገበሬው ተፈታ። አገሩ ወልደጻድቅን በትከሻው ሊሸከመው ምንም አልቀረው። እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስጽፍ ነበር የዋልኩት፤ «አንቺስ ተቀመጪ» ያለኝ የለም። ቅሬታ አይደለም፤ እንዲያው ልንገርህ ብዬ ነው።

የትምህርት ቤቱን ነገር ለወልደጻድቅ አልነገርኩትም። አትቆጣ፤ ጊዜው አይደለም። ብቻውን አይሆንለትም።

ሹራቡን አትግዛ። እማማ ደህና ናት፤ ሹራብ አያስፈልጋትም።

እህትህ አሰፋች


ኢየሩሳሌም፣ የካቲት 28 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለአሰፋች፤

የሚገባውን ጾም በሰላም አስጀምሮ በሰላም ያስፈታችሁ።

ደብዳቤሽን አንብቤ ደሜ ፈላ። «አልነገርኩትም» ትያለሽ? ለእሱ የመጣ ነገር እኮ ነው! አንቺ ማን ሆነሽ ነው ከመንገድ የምታስቀሪው? ባልና ልጅ ትተሽ፣ ዕድሜሽን በእሱ መዳፍ ላይ እንደጨረስሽ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ክፉ ቃል አልጨምርም። ግን የጸና እምቢታ አይደለም የማየው፤ ፍርሃት ነው። ምን እንደምትፈሪ ንገሪኝ።

አንቺና እኔ ካልተስማማን ዳኛ አለን። ለእማማ ንገሪያት፤ እሷ ትፍረድ። ለትምህርት ቤቱም የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። አብሬ የላክሁት ወረቀት ላይ፣ ከታች ክፍት ቦታ ትቼልሻለሁ፤ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክተሽ እዚያ ላይ አስፈርሚያት። እሷ «አይሄድም» ካለች ሁለተኛ አላነሳውም።

ሹራቡን ገዝቻለሁ። ልኳን ስላልላክሽ ሰፊውን ነው የገዛሁት።

ግዛቸው


አሰላ፣ ሰኔ 5 ቀን 1951 ዓ.ም.

ወንድሜ ግዛቸው፤

ይህን ደብዳቤ ብቻህን አታንብበው። አንድ አባት ጠርተህ አጠገብህ አስቀምጥና ከዚያ ቀጥል።

ተቀመጡ? እንግዲህ ስማ። እማማ አርፋለች። ነሐሴ 9 ቀን 1949 ነው፤ ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው።

ሞት በደብዳቤ እንደማይጻፍ አጥቼው አይደለም። አንድ ቀን ከዚህ የሚሄድ ሽማግሌ ተገኝቶ በማለዳ ያረዳሃል ብዬ ስጠብቅ ነበር። አንተ ግን የጣቷን አሻራ ጠየቅኸኝ። ከየት አምጥቼ? የራሴን አውራ ጣት ላትምልህ ቀለሙን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ክፉውን ሁሉ ልንገርህና ይውጣልኝ። በዚያ ክረምት ተስቦ ቤታችን ገባ። ወልደጻድቅ ራሱን ስቶ ተኝቶ ሳለ እማማ በዚያው በሽታ ሄደች። ተቀበረች፣ ተለቀሰ፣ ሠልስቷ ወጣ፤ እሱ አንዱንም አያውቅም። ቀና ማለት ሲጀምር የንስሐ አባታችን መምሬ ገብረ ማርያም ከሽማግሌዎች ጋር ሊያረዱት በማለዳ መጡ። ከበውት ተቀመጡ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ለካ ሊያረዱ ከመጡት አንዳቸውም እሱን የሚያናግሩበት የላቸውም! ባለ ልቅሶዋ ራሷ መርዶ ነጋሪ የምትሆንበት አገር ሰምተህ ታውቃለህ?

እጁን ያዝኩት። ቆዳና አጥንት ሆኗል። «እማማ» ብዬ ጻፍኩ፤ ፊቱ በራ። እሷን የጠራሁለት መሰለው። ከዚያ የሚቀጥለውን ቃል ጣቴ አልጽፍ አለ። «ገዳም ገባች፤ ዝቋላ» ብዬ ጻፍኩለት።

«ሳትሰናበተኝ ሄደች?» ብሎ ጮኾ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ የተረዳ መሰላቸው፤ አብረውት አለቀሱና «አይዞሽ፣ አንቺም ጠንክሪ» ብለውኝ ሄዱ። አሰላ በሙሉ እሱ እንደሚያውቅ ነው የሚያውቀው። «እናቴ ዝቋላ» ሲል የሚሰማው ሰው መቃብሯን በቅኔ የሚጠራ ይመስለዋል። በሳምንቱ እነግረዋለሁ አልኩ፤ ሲጠነክር እነግረዋለሁ አልኩ፤ ክረምቱ ሲወጣ አልኩ። ፀጉሬን አልተላጨሁም፤ ራሴን ሲዳስሰኝ ያውቅብኛላ። ገበያ ላይ ሴቶቹ «ለእናቷ ያላዘነች» ይሉኛል። ጥቁር ብለብስም የሚያዩት ያልተላጨ ፀጉሬን ነው።

በየወሩ ግጥም ይሰጠኛል፤ ወደ ዝቋላ እንድልክላት። ሃያ ሁለት ሆነዋል። ሁሉም ሣጥን ውስጥ ናቸው። አንዱ እንዲህ ይላል፤

እናቴ መነነች ይችን ዓለም ንቃ፣
እኔም መነኮስኩኝ ዓለም እኔን ንቃ።

ይህን ቀድቼ ስጨርስ «አማረ?» አለኝ። «አማረ» ብዬ ጻፍኩለት።

አሁን ገባህ? እጃችንን ሌላ ሰው ከተማረ፣ ወይም እሱ አንተ ዘንድ ከመጣ፣ ከሌላ ሰው ይሰማል። የምፈራው እሱን ነው። ደክሞኛል፣ ግዛቸው። ከሥራው ይልቅ ውሸቱ አደከመኝ።

አሰፋች


ኢየሩሳሌም፣ መስከረም 15 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለአሰፋች፤

የአዲስ ዓመት ምርቃት አልጽፍልሽም፤ አፌ እሺ አላለኝም።

እንዳልሽው አባ ወልደ ሥላሴን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኩ። ቆዪ ግን፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከመጣሁ ጀምሮ በየእሑዱ ስሟን ከሕያዋን ጋር ሳስጠራ ነው የኖርኩት። «አፀደን በጤና ጠብቃት» እያልኩ፣ ጉልበቴ እያመመኝ እየሰገድኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሞተች ሴት ጤና ስለምን! አባ ስሟን ከዚያ አውጥተው ወደ ሙታን መዝገብ ሲያዛውሩት እዚያው ወደቅሁ። የሰው አገር ነውና ልቅሶ የሚደርስ ጎረቤት የለኝም፤ አትክልት ቦታው ውስጥ ገብቼ ለብቻዬ አለቀስኩ።

ተናድጄብሻለሁ። ሦስት ቀን ስረግምሽ ሰነበትኩ፤ በአራተኛው ያቺን ማለዳ አሰብኳት፤ እነዚያ ሁሉ ሽማግሌዎች አፍ አፍሽን እያዩ። እኔ ብሆን ምን እጽፍ ነበር? እውነቱን ልንገርሽ፣ አላውቅም።

ሹራቡን ለአንዲት መነኩሲት ሰጠሁት።

ከእንግዲህ ሌላ ነገር አልጠይቅሽም። ትምህርት ቤቱም ይቅር፣ ግጥሙም ይቅር። አንድ ነገር ብቻ፤ ንገሪው። እሱ በየችሎቱ «ንገሩን፣ ከእኛ አትደብቁ» እያለ የሚከራከር ሰው ነው። ከሌላ አፍ ከሰማው አንቺን ያጣል፤ አንቺም እሱን።

ግዛቸው


አሰላ፣ ጥር 8 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለግዛቸው፤

እግዚአብሔር ያጽናህ። በወቅቱ ልልህ የሚገባኝን ዛሬ አልኩህ። በዚያ በአትክልት ቦታ ለብቻህ ስታለቅስ ስንት ቀን ሙሉ ይታየኝ ነበር።

አልነገርኩትም። ለምን እንዳልነገርኩት ስማና ፍረድ። የአቤቱታው መልስ መጣ! ከአራት ዓመት ምልልስ በኋላ ጽሕፈት ቤቱ «ማስተማር ይችላል» ብሎ ማኅተም መታበት። መምሬ ገብረ ማርያም የቤተ ክርስቲያኑን አሮጌ ዕቃ ቤት ለቀቁለት። አምስት ተማሪዎች አሉት፤ ሦስቱ ከገበያው የመጡ ዕውሮች ናቸው። ጧፍ በእጁ እያሞቀ እያጠማዘዘ ፊደል ይሠራላቸዋል፤ እነሱ እየዳሰሱ ይማራሉ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። በዚህ መሀል እንዴት ብዬ ልንገረው?

ከአምስቱ አንዷ ከዲጃ ትባላለች። የሮቤው እህል ነጋዴ የአቶ ከሊፋ ልጅ ናት፤ ከእናቷ ማሕፀን ዕውር ሆና የተወለደች፣ የሃያ ዓመት ልጅ። እዚህ አሰላ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ትማራለች። ጆሮዋ መርፌ ሲወድቅ ይሰማል፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ውኃ ታፈስሰዋለች። በሁለት ወር ፊደሉን ጨረሰችው፤ የጣቱንም ምልክት ስጽፍለት እጄን እየዳሰሰች ቀስማዋለች። ባለፈው ማክሰኞ የወልደጻድቅን እጅ ራሷ ያዘችና «ጋሼ፣ ዛሬ ዘግይተዋል» ብላ ጻፈችበት። እሱ ብድግ ብሎ ቆመ። «አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በዓለም ላይ የነበረኝ አንድ ሰው ነበር፤ ዛሬ ሁለት ሆናችሁ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ወጥቼ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። ደስ አለኝም፣ ከፋኝም፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። ጣቴን ሳሳርፍ ግን ዕረፍት እንዴት እንደሚጥም አየሁት።

ከፋሲካ በኋላ እነግረዋለሁ። ይህን ጊዜ የምሬን ነው።

አሰፋች


ኢየሩሳሌም፣ መጋቢት 3 ቀን 1952 ዓ.ም.

አሰፋች፤

ሰላምታው ይቆየኝ፤ ደብዳቤው ቶሎ እንዲደርስሽ ዛሬውኑ ለሚበር ሰው እሰጠዋለሁ።

ፋሲካን አትጠብቂ። አንዲት ልጅ እጁን መያዝ ችላለች ብለሽ ራስሽ ጽፈሽልኛል። ያቺ ልጅ አፍ አላት፣ ጆሮ አላት፣ የምትኖረውም አሰላ ነው። ከተማው በሙሉ የሚያውቀውን ነገር ከእሷ ልትደብቂ ነው? መምሬን ጥሪና ዛሬ ንገሪው።

ግዛቸው


አሰላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1952 ዓ.ም.

ወንድሜ፤

ደብዳቤህ በመንገድ ሰንብቶ በሆሳዕና ማግስት ደረሰኝ። በሰሙነ ሕማማት መርዶ አይነገርም አልኩ። በፋሲካ ሳምንት አይነገርም አልኩ። የዳግም ትንሣኤ እሑድ መምሬን «ረቡዕ በማለዳ ይምጡልኝ» አልኳቸው፤ እውነቱን ለእሳቸውም ነገርኳቸው። ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ።

ማክሰኞ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። እኔ በሌለሁበት አቶ ከሊፋ ከዲጃን ይዞ፣ በግ እየጎተተ ቤታችን መጣ። ለካ የእማማን ማረፍ የሰማው በዋዜማው ገበያ ላይ ነው። በጣሊያን ጊዜ እማማ ሚስቱን ከዚህ ጓዳ ሸሽጋ አዋልዳታለች፤ የተወለደችውም ይህቺው ከዲጃ ናት። «ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ልቅሶ ሳልደርስ! በየት ዓይኔ ነው የማያችሁ?» እያለ ነው የገባው አሉ። ልቅሶ ያልደረሰ ሰው ቢዘገይም መምጣት አለበት፤ እሱ የሠራው ጥፋት የለም። ልጁን «የእናቱን ነፍስ አላህ ይማር፣ እሱንም ያጽናው፤ በንግድ አገር ላገር ስዞር አልሰማሁም ነበር በይልኝ» አላት። እሷም የአባቷን ቃል አንድ ሳታጎድል መዳፉ ላይ ጻፈችው።

ጩኸቱን ከመንገድ ሰማሁት። ዱቄቱን ከነስልቻው ጥዬ ሮጥኩ። ከዲጃ ግድግዳውን ይዛ ቆማለች፤ አቶ ከሊፋ ጥምጣሙን አውልቆ «ምን አደረግሁ? ምን አደረግሁ?» ይላል። ሄጄ የወልደጻድቅን እጅ ያዝኩ። ጣቴን ገና ሳሳርፍ አወቀኝ። እጁን ጨበጠ።

ልከፍተው ታገልኩ፣ ግዛቸው። እንደ ልጅ ጣት በጣት ልፈለቅቀው ታገልኩ። በሁለት እጁ ጨብጦ ደረቱ ላይ ያዘው። «ለጽሕፈት ቤቱ ያልኩትን ለአንቺም ልድገምልሽ?» አለኝ። «ዳኛው፣ ዘበኛው፣ ጸሐፊው፣ ሁሉም ለእኔ የሚበጀኝን ያውቁልኛል። አንቺ ግን ከእነሱ ወገን ነሽ ብዬ አስቤ አላውቅም።»

ይኸው ዛሬ ስምንት ቀኑ። ከዲጃ ስትመጣ ይዘረጋል፤ እኔ ስመጣ ይጨብጣል። ምግብ አጠገቡ አስቀምጬ እወጣለሁ። ዕረፍት ፈልጌ ነበር፤ አገኘሁት። እጄ ሥራ ፈቶ ጭኔ ላይ ተቀምጧል፤ ምን እንደማደርገው አላውቅም።

አሰፋች


ኢየሩሳሌም፣ ግንቦት 20 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወልደጻድቅ፤

ይህን ደብዳቤ መምሬ ገብረ ማርያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡት፤ ከዲጃም ሳታስቀር መዳፍህ ላይ ትጻፈው።

የእናታችንን ማረፍ ካወቅሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው። እኔም ደበቅሁህ። ለአሰፋች «ንገሪው» እያልኩ ስጽፍ፣ ለአንተ በስምህ አንዲት ደብዳቤ መጻፍ አላሰብኩም። ለካ እኔም አንተን የምቆጥርህ በእሷ በኩል ብቻ ነው። ይህ የእሷ ሳይሆን የእኔ ጥፋት ነው፤ ይቅር በለኝ። ስለ እሷ አልለምንህም፤ ለራስህ እተወዋለሁ።

እዚህ ያለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ሊያስተምርህ ቦታህን ይዞ ቆይቷል፤ ይህም አልተነገረህም። ትመጣ እንደሆን አንተው በአፍህ ተናገርና ያሻህ ይጻፍልህ።

ግዛቸው


አሰላ፣ ሰኔ 28 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለግዛቸው፤

በክረምቱ ጭቃ መሀል ሆኜ ሰላም እልሃለሁ። ደብዳቤህ ተነበበለት። መልሱን ራሱ ያስጽፍልሃል፤ የእኔ የምልህ ሌላ ነው።

ደብዳቤህ በተነበበ በሦስተኛው ቀን መምሬን አስጠራና «ድንኳን ይተከል፤ እናቴን ላለቅስ ነው» አላቸው። መምሬ ግራ ገባቸው። «ተዝካሯ እንኳ ወጥቷል» አሉ፤ ከዲጃ ጻፈችለት። «እናንተ አውጥታችኋል፤ እኔ መች አወጣሁ?» አለ። ሌላ ነገርም አዘዘ፤ ልቅሶ የሚደርስ ሰው ሁሉ በራሱ ጣት መዳፉ ላይ ስሙን ይጻፍ፤ በመሀል ሰው አይገባም፣ ትከሻዬን መታ አድርጎ የሚያልፍ ለቀስተኛ አልፈልግም አለ።

አገሩ «ጉድ ፈላ» ሲል ነበር፤ ግን መጣ። ትላንት ዝናቡ እየወረደ ከዲጃ ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጣ፣ ለሚገባው ሁሉ በየመዳፉ ስሙን እየጻፈች ታስጠናዋለች። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ስሙን እንዳይረሳው በከንፈሩ እየደገመ ይሰለፋል። አቶ ከሊፋ ሦስት ጊዜ ተሳስቶ ሦስት ጊዜ ጻፈ። ወልደጻድቅ የእያንዳንዱን ስም ጮኾ ይጠራል፤ «ቱሳ! ሀሰኖ! ወይዘሮ ፋጡ!» እያለ። እሱ ሲጠራቸው እነሱ ያለቅሳሉ። በዚህ ከተማ አብሯቸው ኖሮ ስማቸውን ከራሳቸው ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

እኔ ውኃ አመላልሳለሁ፣ ምንጣፍ አነጥፋለሁ። ሊመሽ ሲል ሰልፉ አለቀ። ከመጨረሻው ሰው ኋላ ሄጄ ቆምኩ። ተራዬ ሲደርስ መዳፉን ዘረጋ፤ ማን እንደሆንኩ አያውቅም። ስሜን ልጽፍ ነበር የቆምኩት። ጣቴ ገና ሲያርፍበት ግን ታወቀው፤ እጁ ሊጨበጥ ጀመረ። ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። ፈጥኜ «እኔም እናቴ ሞታብኛለች» ብዬ ጻፍኩበት።

እጁ ባለበት ቆመ። አልከፈተውም፣ አልጨበጠውም። ከዚያ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረና «ለአሰፋች ልቅሶ የደረሰላት ማነው?» አለ።

እማማ ያረፈች ጊዜ ሁሉም እሱን ሊያስታምሙ፣ እሱን ሊያረዱ ነበር የመጡት፤ እኔን ማን አየኝ? ይቅር አልኩሽ አላለኝም፤ እንዳለኝ አድርጌ አልጽፍልህም። ከተቀመጠበት ምንጣፍ ላይ ፈቀቅ አለና በእጁ መሬቱን ዳሰሰ። «እዚህ ተቀመጪ» አለኝ። ለሰዎቹ ደግሞ «እንደገና ተሰለፉ፤ ሁለት ነን» አላቸው።

ተሰለፉ። በጭቃው ውስጥ ዞረው እንደገና መጡ። ለእሱ በመዳፉ፣ ለእኔ በጆሮዬ፤ «እናትሽን ነፍስ ይማር፣ አሰፋች»። ሰው ለእኔ የሚለውን ለእሱ የምትጽፍለት ከዲጃ ነበረች። እኔ አለቀስኩ ብቻ።

አሰፋች